ሰፌድ ላይ የተሠራች አዲስ አበባ

ቲጃኒን እንዴት እንዳገባሁት ባለፈው አውርቻለሁ። ላልሰማ በአጭሩ ልድገመው፤ የሰማ ይታገሰኝ፣ መታገስ ያልቻለ ጥቂት መስመር ይዝለል።

እኔ ባህሪያ የሊሙ ገነት ቡና ለቃሚ ልጅ ነኝ። ጂማ መጥቼ መጋዘን ውስጥ ከሴቶች ጋር ተደርድሬ እየተቀመጥኩ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደህናው እለይ ነበር። እሱ ደግሞ የጂማው የሄርማታ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ የሞቱበት፣ ትርፍ ቤታቸውን መንግሥት የወሰደባቸው፣ ኩራታቸውን ግን ማንም ያልወሰደባቸው ቤተሰብ ነው። በሠርጋችን ቀን እናቱ አዮ ፈድሊያ በእንግዳ ፊት፣ «ልጄ ቡና ሊገዛ ሄዶ ለቃሚዋን ይዞ መጣ» አሉ። እኔም፣ «አዮ፣ ያለ ለቃሚ እኮ ቡናውም አይሸጥም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ ውሃ እንኳን ጠጥተው አያውቁም።

ቤቱ የእሳቸው ነው። የእኛን ክፍል ከእሳቸው ክፍል የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሳንቃ ስላችሁ ደግሞ ወፍራም እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ወዲያ ማዶ ዚክር ሲያደርጉ የሙስበሃ መቁጠሪያቸው ፍሬ ሲጋጭ ወዲህ ይሰማል። እኛ ወዲህ ስንተነፍስ ወዲያ የሚሰማውን እናንተ ገምቱ።

የዛሬ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ «ለሁለት ቀን ዞር ብለን እንምጣ» ይላሉ፤ ማንም አይደነቅም። በእኛ ጊዜ ባልና ሚስት ብቻችንን እንሁን ካሉ ወይ ተጣልተዋል፣ ወይ አብደዋል ይባል ነበር። እኔና ቲጃኒ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ነበረን። አዲስ አበባ ለሦስት ቀን መሄድ። ዘመድ ለመጠየቅ አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይም አይደለም። እንዲያው ለመሄድ።

አባቴ ከሊሙ ለቤት የሚልክልኝን ቡና አመሻሽ ላይ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ስለቅም ቲጃኒ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ በልጅነቱ መርካቶ አጎቱ ዘንድ ንግድ ሲማር ከርሟል። ከሰፌዱ ላይ ገለፈቱን በጣቱ ሰብስቦ መስመር ያደርገዋል።

«ይሄ መንገዱ ነው» ይለኛል በሹክሹክታ። «ይሄ ትልቁ ጠጠር ማዘጋጃ ቤት። ይሄ ጥቁር ፍሬ የተከመረበት መርካቶ።»

«ለምን ጥቁር አደረግኸው?»

«ሌባው ስለበዛ።»

«ይሄ ስንጥርስ?»

«ባቡር ነው። ለገሃር።»

«ባቡር ነው ብለህ ነው? አጭር ነው እኮ።»

«እኔም አጭር ነኝ፤ አግብተሽኝ የለ!»

አፌን በሻሼ ይዤ እስቃለሁ። ሳቅም በሳንቃ ያልፋል።

ከዚያ ሁለት ደህና ፍሬ፣ ድፍን ድፍኑን ይመርጣል። «ይሄ እኔ፣ ይቺ አንቺ» ይልና በጣቱ እየገፋ ከተማውን ያዞረናል። ስድስት ኪሎ ወስዶ አንበሳ ያሳየኛል። ፒያሳ ኬክ ያበላኛል። ፎቶ ቤት ያስገባኛል። አንድ ቀን፣ «የምናድርበት ቤት የቱ ጋ ነው?» አልኩት። አንድ ጠጠር አነሳና ከመንገዱ ዳር አስቀመጠ።

«እዚህ ጋ አንድ አልቤርጎ አለ።»

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ሳንቃ የለውም?»

«ሳንቃ የሚባል የለውም» አለኝ፤ ጀነትን እንደሚያወራ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ወላሂ፣ ከአንበሳውም ከባቡሩም ይልቅ እኔ የናፈቀኝ ያ ድንጋይ ግድግዳ ነበር።

የናፈቀኝ ለሌላ ነገርም ነው። አራት ዓመት ሙሉ አልወለድንም። አዮ ፈድሊያ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። አጋሮ የወንድማቸው ልጅ ነበረች፤ ቁመናዋም ያማረ፣ ዘሯም የታወቀ። ከዓረፋ በኋላ ሽማግሌ ይላካል፣ ቲጃኒ ሁለተኛ ያገባል ሲሉ ሰማሁ። ሳንቃው ያን ወሬ ለእኔ አላስቀረውም። ቲጃኒ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ግን አልሰማሁም፤ ዝም ነው ያለው። እኔም አልጠየቅሁት። የምለምን ሴት አይደለሁም፤ እናቱ ማዶ ሆነው እያዳመጡኝማ ጭራሽ። እዚያ፣ ያ ድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ልታመጣብኝ ነው?» እለዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። መልሱን ሰምቼ ወይ አብሬው እመለሳለሁ፣ ወይ ከመናኸሪያው በቀጥታ ሊሙ እገባለሁ። ሦስቱ ቀን ለእኔ ያ ነበር።

ያኔ ደግሞ ከጂማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሁለታችንም ሄደን ተሰለፍን። ሊቀመንበሩ ጓድ ጀቤሳ የታወቁ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ አብዮቱ ካኪ አልብሶ ጠረጴዛ ሰጣቸው። የሄርማታ ሰው ከኋላችን ተሰልፎ ጆሮውን አቁሟል።

«የጉዞ ምክንያት?» አሉ ጓድ ጀቤሳ።

ቲጃኒ ጉሮሮውን ሲጠርግ እኔ ቀደምኩት። «ባሌን ብቻውን ላየው ነው።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «እዚህ አይታይም?»

«እዚህ እናቱ አሉ፣ እርስዎ አሉ፣ አብዮቱ አለ።»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ጀቤሳም ሊስቁ ነበር፤ ከግድግዳው የተሰቀለውን የአገሩን መሪ ፎቶ ሲያዩ ተዉት። «ስሚ እህቴ፣ ሽርሽር የአድኃሪ ነገር ነው። ወይ ሞት፣ ወይ ሕክምና፣ ወይ የመንግሥት ሥራ። ከሦስቱ አንዱን ይዛችሁ ኑ።»

«የሚሞትብን ሰው የለንም።»

«እንግዲያው ታመሙ!»

እኔ ጤነኛ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ያልታመመ ታመምኩ ካለ በሽታን በስሙ ጠርቶ ደጁ ማስገባት ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ እያለች ነው። ቲጃኒ፣ «ለእኔ ተይው» አለኝ። ሐሙስ ዕለት ብቻውን ሄዶ ፈቃዱን ይዞ መጣ።

«ምን ብለህ ሰጡህ?» አልኩት።

በአገጩ ሳንቃውን አሳየኝ። «እዚያ እነግርሻለሁ» አለ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ይሁን ድካም አልለይልኝ አለ። እኔ ግን ቅዳሜ ንጋት የምንሳፈርበትን አውቶቡስ እያሰብኩ፣ ልቤ ገና ሳይነሳ መንገድ ገብቶ ነበር።

አርብ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለን ስንለቅም ሁልጊዜ ጎኔ የምትቀመጠው ጥሩወርቅ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ማተቧን ሳትስም ወሬ አትጀምርም።

«ባህሪዬ፣ ማርያም ማህፀንሽን ትፍታልሽ።»

«ምኔን?»

«ለመውለድ ሕክምና መሄዳችሁን ሰማን እኮ። ባልሽ ለጓድ ጀቤሳ ሲናገር የተሰለፈ ሁሉ ሰምቷል። ምን ያሳፍራል እህቴ፣ ስንቷ መካን ናት የተባለች ታክማ ወልዳለች።»

እጄ ላይ ያለው ፍሬ ጥቁር ይሁን ደህና ጠፋኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ነው። የሚያሾፍ ዓይን ባይ ምላስ ነበረኝ፤ የሚያዝን ዓይን ነው ያየሁት። ለእሱ ምላስ የለኝም።

ማታ ቲጃኒ የተዋሰውን ሻንጣ በአንድ እጁ፣ በሌላው ደግሞ ከሱቁ የመረጠልኝን አዲስ ሻሽ ይዞ ገባ። «ለፎቶው» አለኝ እየሳቀ። የሰፌዷ ከተማ ትናንት እንደተዋት መሬት ላይ ተዘርግታለች።

«ቀበሌ ሄደህ መካን ናት አልክ?»

ሳቁ ጠፋ። ወደ ሳንቃው አየ።

«እኔን እየኝ! እንጨቱን ምን ታየዋለህ?»

«ባህሪያ ማሎ፣ እባክሽ ቀስ በይ።»

«ቀስ አልልም! ሄርማታ ሙሉ ሰምቶ ሲያበቃ ለማን ብዬ ነው ቀስ የምለው? ለአጋሮዋ መንገድ መጥረግህ ነው አይደል? 'ያቺ መካን ናት፣ አሳክሜ አሳክሜ አልሆነልኝም' ልትል!»

ዓይኑ አሁንም ሳንቃው ላይ ነው። እናቱን ፈራ አልኩ በልቤ። እኔን ከሰው በታች አድርጎ እናቱን ፈራ።

«እዚያ እነግርሻለሁ አላልኩሽም?» አለ፤ ድምፁ ከሹክሹክታም ያነሰ።

«እዚያ የሚባል አገር የለም!» አልኩና ሰፌዱን አንስቼ በተንኩት። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ መትቶ ነጠረ። መርካቶ አልጋ ሥር ገባ። እኔና እሱ የት እንደወደቅን እንጃ።

ቲጃኒ ተንበርክኮ ጥቂት ፍሬ ለቀመ፤ ከዚያ ተወው። ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር፤ ቢመታኝ እመታው ነበር። እሱ ግን እንዳዘነልኝ ሰው ነው ያየኝ፣ እና ለዚያ ዓይን እስካሁን ስም አላገኘሁለትም።

ንጋት ላይ ሱብሂን ሰግዶ ተነሳ። «ትኬቱን ልመልስ» አለኝ። ሻንጣውን ትቶት ወጣ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በሩ ከመገጠሙ መልሶ ተከፈተ። አዮ ፈድሊያ ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የእኛን ደፍ ሲያልፉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። የበተንኩትን ቡና እየረገጡ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«አንቺ የሊሙ ልጅ፣ ጆሮዬ ያረጀ መስሎሻል?»

«ከሰሙ ደስ ይበልዎት አዮ። ጉዞው ቀርቷል። ሽማግሌዎን ወደ አጋሮ ይላኩ።»

«ወደ አጋሮ!» አሉ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣቸው። «ከእንግዲህ አጋሮ ማን ልጁን ይሰጠኛል? ልጄ በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት፣ 'ሚስቴ ጤነኛ ናት፤ ጉድለቱ የእኔ ነው፤ የምታከመው እኔ ነኝ' ብሎ ሲናገር! ጀቤሳ ራሱ ሐሙስ ማታ ደጅ አስጠርቶኝ፣ 'ምነው ልጅዎ ራሱን እንዲህ አዋረደ' አለኝ። የቲጃኒ አባት ልጅ! የሄርማታ ወንድ!»



ወሬ ሲሄድ የወንዱን ስም መንገድ ላይ ይጥለዋል። ጥሩወርቅ ጋ ሲደርስ የተረፈው የእኔ ማህፀን ብቻ ነበር።

«እኔ አፌን ይዤ ሳለቅስ ሰነበትኩ» አሉ አዮ ፈድሊያ። «ሰምቻለሁ ብለው ያፍራል ብዬ። ማታ አንቺ ስታወርጂበት እሱ ዝም ያለው ለምን መሰለሽ? እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ነው። እኔ እንዳልሰማ!» ሳንቃውን በመዳፋቸው መቱት፤ ቤቱ ተናጋ። «አላስቻለኝም። የወለድኩት ልጅ ባላጠፋው ሲሰደብ ሰምቼ እንዴት ልቻል?»

ኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነቱን ነው?» አሉኝ። «ጉድለቱ ከእሱ ነው?»

«አላውቅም አዮ። ሐኪም አይቶን አያውቅም።»

«ካላወቀ ታዲያ ለምን…»

አልጨረሱትም። እሳቸውም ገባቸው፣ እኔም ገባኝ። እዚያ ድንጋይ ቤት ውስጥ ልጠይቀው ያሰብኩትን፣ እሱ ሳልጠይቀው በአደባባይ መልሶልኝ ነበር። ማንም ሴት ልጁን እንዳይሰጠው አድርጎ በገዛ አፉ በሩን ዘጋው። አራት ዓመት ከእጄ ውሃ ያልጠጡት ሴትዮና እኔ፣ አንድ ሰው ስለምንወድ ብቻ፣ ቆመን ተያየን።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አውቶቡሱ አንቺን ይጠብቃል?» ወጥተው በክዳን ዕቃ የተያዘ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዘው ተመለሱ። «ለመንገዱ ብዬ ለእሱ የሠራሁት ነው።» ወደ በሩ ሲሄዱ ሳይዞሩ ጨመሩ፣ «አንቺም ብዪ።»

ሻንጣውን አነሳሁ። አዲሱን ሻሽ ጠመጠምኩ። ከበሩ ልወጣ ስል ተመለስኩና ገና ባልነጋው ክፍል ውስጥ መሬቱን ዳብሼ ሁለት ፍሬ አገኘሁ። በሻሼ ጫፍ ቋጠርኳቸው።

ጋሪ አግኝቼ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ቲጃኒ ትኬቶቹን ይዞ ከአንድ ቦርጫም ሰውዬ ጋር ቆሟል፤ ሰውዬው እጁን ዘርግቷል። መሐላቸው ገባሁና ትኬቶቹን ከቲጃኒ እጅ ወሰድኩ።

«ሴትዮ፣ እኔ እኮ ተስማምቼ…» አለ ሰውዬው።

«ከማን ጋር? ከእኔ ጋር አልተስማማህም። ሌላ ወንበር ፈልግ ወንድሜ።»

ቲጃኒ ሻንጣውን ተቀበለኝ፤ ገባን፤ ተቀመጥን። ከጂማ ከወጣን በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሳንቃው።»

ይቅርታ ጠየቅሽው ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ በአፌ እንደዚያ ያለ ነገር አይሆንልኝም። ጭኮውን ከፍቼ አጎረስኩት። እሱም አጎረሰኝ። በመስኮቱ የምናውቀው የቡና ጫካ ወደ ኋላ ሲሄድ እያየን ሰኮሩ ደረስን።

ሰኮሩ ላይ ኬላ ነበር። ያኔ ቡና የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ ማለፍ ወንጀል ነው። የጂማ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አዲስ አበባ መግባት ነውር ይመስለዋልና ቡናውን በትራስ ይሰፋል፣ በሕፃን ማዘያ ይጠቀልላል፤ ተቆጣጣሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ትራሱንም ሕፃኑንም ይዳብሳሉ። አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። የጭኮውን ዕቃ ከፍቶ በሽቦ ወጋጋው። ከዚያ ዓይኑ የሻሼ ቋጠሮ ላይ ዐረፈ።

«እሱ ምንድን ነው? ፍቺው።»

ፈታሁት። ሁለቱ ፍሬዎች መዳፉ ላይ ወደቁ።

«ይሄ ቡና ነው» አለ ኮስተር ብሎ።

«ቡና አይደለም። እኔና ባሌ ነን።»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ቲጃኒ ግን አልሳቀም። ፍሬዎቹን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ነፍሱን አላህ ይማረውና፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ተቆጣጣሪው ፍሬዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቸውና እሱም ቀልዱ ያዘው።

«አንዷን ነቀዝ በልቷታል» አለ። «ከሁለታችሁ የተነቀዘው ማን ነው?»

ሳቁ እዚያው ቀጥ አለ። አውቶቡሱ ውስጥ የሄርማታ ሰዎች ነበሩ። ሐሙስ ዕለት የተሰለፉም ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን የተነቀዘ ስለይ የኖርኩ ሴት፣ በዚያ ጨለማ ቸኩዬ ማንሳቴን ያኔ ነው ያወቅሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ቲጃኒ።

እኩል ነው የወጣው። አንዳችን አንዳችንን አላስቀደምንም።

ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። ምን እንደተናገረ ባያውቅም፣ አንድ የማይነካ ነገር እንደነካ ፊቱ ላይ ታየኝ። ቀስ ብሎ ፍሬዎቹን ሻሼ ላይ መለሳቸው፤ ራሱ በእጁ ቋጠረልኝና ወረደ።

አዲስ አበባ ደርሰን ሐኪም ቤት አልሄድንም። አንበሳ አየን። ያቺ የተነቀዘች ፍሬ የማን እንደነበረች እኔ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ያን ዕለት ግን፣ አውቶቡሱ ከኬላው ሲንቀሳቀስ ቲጃኒ እጄን ያዘ። ያኔ በሰው ፊት የሚስቱን እጅ የሚይዝ ወንድ አልነበረም፤ የሄርማታ ወንድማ ጭራሽ። እኔም፣ «ሰው ያየናል» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። እስከ ጊቤ ድልድይ አልለቀቀኝም። ድልድዩንም ከተሻገርን በኋላ አልለቀቀኝም።